መስኮቱ ላይ የሰቀልኩት ባና

ከሞላሌ ትምህርት ቤት ሲወስዱኝ የበግ ጠጉር ባናዬን እንደደረብኩ ነበር። በማግስቱ ያወረዱኝ አንድ ቆላ ከተማ እስር ቤት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መዝጊያ የሌላት አንዲት መስኮት፣ ላብ ያጠመቃቸው አሥራ አንድ ሰዎች። ባናዬን አይተው ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

"ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው" አለኝ ከእስረኞቹ አንዱ፣ የዚያው አገር ሰው የሆነ ሹፌር። "ከሽንት ቤቱ ጀርባ ውኃ ተኝቷል። እስከ ኅዳር ቢንቢዋ አትለቀንም። እግርህን ሸፍን።"

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ የግሼ ገበሬ በወባ ይንቀጠቀጡ ነበር። አባባ እንላቸዋለን። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ወባ ከደገማቸው እንደማይተርፉ ነገረኝ።

ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ባናዬን መስኮቱ ላይ መስቀል። በአገሬ በመንዝ በር የሚዘጋው በጎቹ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው። እኔም እንደለመድኩት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሰቀልኩት። ሹፌሩ የገዛ ጉንጩን በጥፊ እየመታ ሳቀ።

"መምህር፣ ቢንቢዎቹን እኮ አስገብተህ ዘጋህብን!"

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንሰቅለው ጀመር። ለአባባ ስንል የነበረችንን ብርሃንና ነፋስ በገዛ እጃችን ዘጋን። ሙቀቱ ያፍናል። ከሁሉ ይልቅ ያጉረመረምኩት ባለ ባናው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ አጎበር አስቀምጧል። አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ አድማ መርቷል ብዬ ከፈረምኩ፣ አጎበሩ ለሽማግሌው ይሰጣል። "እስከ ነገ አስብበት" አለኝ።

ተመልሼ ለአባባ ነገርኳቸው። ምነው ባልነገርኳቸው።

"ያ ሰው ልጆች አሉት?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"እንግዲያስ እኔ እዚያ ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልጄ።"

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መልሼ ገፋሁለት።

"አልፈርምም" አልኩት። "ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይመልሱኝ፤ መስኮቱን የምሸፍነው እኔ ነኝ።"

አባባ ኅዳር ሳይጋመስ ሞቱ። ሊወስዷቸው ሲመጡ በባናዬ ጠቀለልናቸው። አጎበሩ ያተርፋቸው ነበር? አላውቅም። አለማወቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያ ጓደኛዬ አሁን ሞላሌ ውስጥ ጎረቤቴ ነው። ስለ አጎበሩ ነግሬው አላውቅም። ቤቴ መጥቶ ስንጫወት፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ብድግ ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ።

"በረደህ እንዴ?" ይለኛል።

"አዎ" እለዋለሁ።