አባቴ አፉን የፈታበት ባሕር

ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬ አልነሣም ብላ ስካይዌይ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኳት። መካኒኩ የአገሬ ልጅ ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ እስከ ትከሻው ድረስ ገብቶ ሲያጉረመርም፣ የቤንዚን ሽታ ከሲያትል ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ሃምሳ ዓመቴን የደፈንኩትን እኔን አንሥቶ የጣልያን ባሕር ላይ፣ አንዲት አሮጌ ጀልባ ውስጥ፣ እማዬ ጉያ ሥር ወሸቀኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ሲያትል ሌክ ሲቲ ሰፈር ባለች ጠባብ አፓርታማ ስንኖር የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። አባዬ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እንግሊዝኛው ከ“ኦኬ” እና ከ“ኖ ፕሮብሌም” ስለማያልፍ፣ የመብራት ሰዎችም ሆኑ የቤት አከራያችን፣ እኔኑ ልትከስ ወላጆቼን የጠራችው አስተማሪዬ ሳትቀር ሲያነጋግሩን፣ የማስተረጉመው እኔው ነበርኩ። የአስተማሪዬን ክስ እንኳ ወደ አማርኛ ሲሻገር ትንሽ አቀልለት ነበር። “ሚሚዬ፣ እስቲ ኮል አድርጊልኝ” ሲለኝ “ኦኬ ዳዲ” ብዬ ስልኩን አነሣለሁ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታው ያበቃው እማዬ ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ለእኔ፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ነገረኝ፤ እኔም ለእማዬ ነገርኳት፤ ፊቷ አመድ ሲመስል ያየሁት ከእኔው አፍ በወጣ ቃል ነው። ተመስገን፣ የምርመራው ውጤት ደግ ሆነ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር።

አባዬ “ከእንዲህ ያለ ነገር የተረፈ ሰው ዘመዱን ማየት አለበት” ብሎ ወደ እማዬ ታላቅ እህት ሊወስደን ቆረጠ። አክስቴ ጣልያን አገር ጄኖቫ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሻንጣ ስናዘጋጅ አባዬ አጠገቤ በርከክ አለና፣ “እዚያ አንቺ አትናገሪም። ጣልያንኛ የኔ ነው። አንቺ አይስክሬምሽን ብቻ ብዪ” አለኝ። ጣልያንኛዬ የሚለው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ያጠራቀመውን ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። እማዬ “በሕይወቱ አንዲት ብሎን አጥብቆ አያውቅም፤ ስሟን ግን አሳምሮ ይጠራል” እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ ግን አመንኩት፤ ማመን ፈልጌ ነበር።

አክስቴ በሥራ ቀን ዕረፍት ስለሌላት፣ በባሕሩ ዳር ያሉትን የዓሣ አጥማጆች መንደሮች እንድናይ ባቡር አሳፍራ ሰደደችን። ባቡሩ ከዋሻ ሲወጣ ባሕር፣ ደግሞ ጨለማ፣ ደግሞ ባሕር። መንደሮቹ ገደል ላይ የተለጠፉ ነበሩ፤ ሮዝና ቢጫ ቤቶች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው፣ መስኮቱ ላይ አንሶላ ተሰጥቶ፣ ደረጃው ላይ መረብ ተዘርግቶ፣ ሎሚና የጨው ዓሣ እየሸተተ፣ ከበላያቸው እስከ ተራራው ጫፍ በድንጋይ የተካበ የወይን እርከን። እማዬ ደረጃውን እያለከለከች ስትወጣ “እነዚህ ሰዎች ሜዳ ጠላታቸው ነው እንዴ?” አለች።

ምሳ ቤት ስንገባ አባዬ ደረቱን ነፍቶ አስተናጋጁን አነጋገረው። “ፓስታ” ሲል ተግባቡ። ከዚያ ወዲያ ግን አልሆነም፤ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ በፍሪሲዮንና በካምቢዮ እንዴት ይጠየቃል! አስተናጋጁ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደምንፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አባዬም ወደ እኔ ዞረ፤ ያንን የሌክ ሲቲውን አስተያየት ወዲያው አወቅሁት። ፓስታዬን ሳልበላ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደሚቀጥለው መንደር በጀልባ ተሳፈርን። መሀል መንገድ ላይ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ፤ ማዕበሉም ወደ ገደሉ አለት ይገፋን ጀመር። ውሃ የምትፈራው እማዬ “ኢየሱስ! ኢየሱስ!” እያለች እኔን አጥብቃ ያዘች። ባለጀልባው፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ፣ ሞተሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይጮሃል። አብረውን የተሳፈሩት ፈረንጆች እርስ በርስ ተያዩ። እኔም እንግሊዝኛዬን ይዤ ዲዳ ሆንኩ።

“ካቻቢቴ!”

አባዬ ተነሣ። ከመሣሪያው ሳጥን የብሎን መፍቻውን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። “ፒንሳ!” አቀበለው። ከዚያ አባዬ ራሱ ጎንበስ ብሎ “ካንዴላ?” ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየውና “ካንዴላ! ካንዴላ!” ብሎ ረጅም ብሶት አወራለት፤ አባዬም “ሲ፣ ሲ” እያለ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ለሞተሩ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሲወጣም በሸሚዙ ጫፍ ወለወለለት። ሞተሩ ተነሣ። እማዬ በረጅሙ ስትተነፍስ የደረቷ መውረድ በጀርባዬ ተሰማኝ።

ወደቡ ስንደርስ ሽማግሌው አልለቅም ብሎ ቤቱ ወሰደን፤ ሚስቱ በሎሚ የታሸ የጨው ዓሣና ዳቦ አቀረበችልን። አባዬ በእጁ፣ በቅንድቡ፣ በመለዋወጫ ስም ሁሉ ያወራል፤ ጠረጴዛ እየመቱ ይሳሳቃሉ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር! ከዚያ ሁሉ ወር የሆድ ቁርጠት በኋላ ጣቴን እስክልስ በላሁና እማዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲያትል ስንመለስ ስልኩ ያው ጮኸ፣ አባዬም ያው “ሚሚዬ” አለኝ። ሆዴ ግን ተወኝ፤ አባቴ አፍ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁና። ዛሬ ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ልጆቼ በአማርኛ ስጠራቸው በእንግሊዝኛ መልሰውልኝ ይሮጣሉ፣ የማንም አፍ መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ደስ ይለኛል። አባዬ ካረፈ ቆየ። “ኮል አድርጊልኝ” የሚለኝ የለም፤ ያ ሸክም ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መካኒኩ ከኮፈኑ ሥር ሳይወጣ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። “ፒንሳ አቀብለኝ እስቲ” አለ፣ ባልደረባው የቆመ መስሎት። ከሳጥኑ አንሥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ዞሮ አየኝና ሳቀ።

“እህቴ፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?”

“አይደለሁም” አልኩት። “አባቴም አልነበረም።”