ካርታው ሳይወጣ የገባችው ተከራይ

ውሃ የነካው አዲስ ልስን ሽታ ባፍንጫዬ በመጣ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ እንጅባራ ነኝ፤ ዕድሜዬም አሥር ዓመት ነው። ሰዎች ይህን ሽታ ሲወዱት አይቻለሁ፤ አዲስ ቤት፣ አዲስ ኑሮ ይላሉ። እኔን ያሳፍረኛል።

አባቴ ከቢቸና በኩል በመምህርነት ተመድቦ የመጣ፣ እናቴም እሱን ተከትላ የመጣች ነበረች፤ ሁለቱም አገው ምድር ላይ አሥራ አምስት ዓመት ኖረው ከአማርኛ ሌላ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። የምንኖረው ከአስፋልቱ ወረድ ብላ በምትገኝ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ በኪራይ ሲሆን፣ የእንጅባራ ዝናብ ደግሞ ክረምትና በጋ ብሎ ስለማይለይ፣ እናቴ ጣሪያው በሚያፈስበት ሁሉ ሳፋ እያዟዟረች ስትራገም ትውል ነበር። አባቴ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የቤት ማኅበር ገብቶ፣ ስንት ዓመት ከደመወዙ እየተቆረጠበት ቆይቶ፣ ማኅበሩ ካሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ሲደርሰው፣ እናቴ እልል ብላ ደረጃውን ሳመች። ቤቱ ግን በርና መስኮት አልነበረውም፤ ካርታም አልነበረውም። ካርታው የሚሰጠው የማኅበሩ ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ አባሉ ራሱ እንደሚኖርበት ካረጋገጠ በኋላ ነበር፤ ካርታው ሳይወጣ ያከራየ ሰው ስሙ ተሰርዞ ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጣል የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ አባቴም እጁን አውጥቶ ካጸደቁት አንዱ ነው።

በመስከረም ያንኑ ደንብ ጣስነው። በርና መስኮት ማስገጠሚያ ስላልነበረን፣ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድማ የምትከፍል ተከራይ በሰው በሰው ተፈልጋ፣ እትዬ ሙሉ የምትባል የአዘና ሴት መጣች። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን ከተማ ለማስተማር ብላ ከገጠር የወጣች፣ ከገበሬ ድንች እየሰበሰበች ወደ ጫግኒ በሚወርዱ መኪናዎች የምትጭን፣ እጇ ሻካራ፣ ድምጿ ለስላሳ ሰው ነበረች። ውል ይጻፍ ስትል እናቴ ሳቅ ብላ «ወረቀት ምን ያደርጋል? እግዜር እየሰማን አይደል የተነጋገርነው?» አለቻት። እትዬ ሙሉም «እንዳሉ ይሁን እትዬ» ብላ ተቀበለች። ወረቀት ያላስጻፍነው እግዜርን አምነን ሳይሆን ወረቀት ማስረጃ ስለሚሆን ነበር። ልስኑ ገና እርጥብ ስለነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ተሸክማ ሁለት ፎቅ እየወጣች፣ እንዳይሰነጠቅ ግድግዳውን ውሃ ታጠጣልን ነበር። ከፍላ እየኖረች የእኛን ግድግዳ ታጠጣ ነበር ማለቴ ነው።

በጋው መልካም ነበር። ልጇ አንችናሉ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ስለገባች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እኔ ሒሳብ ሳሳያት እሷ የአገሩን ቋንቋ፣ አዊኛን፣ ታስተምረኝ ነበር፤ መጀመሪያ ስድብ፣ ቀጥሎ የዕቃ ስም፣ እያለ እያለ የሚወራው ሁሉ ይገባኝ ጀመር። ለእናቴ ግን አልነገርሁም፤ እናቴ ልጄ የገበያ ቋንቋ ለመደች ብላ ትቆጣ ነበርና። አንችናሉን እወዳት ነበር፤ እቀናባትም ነበር። እሷ የምትተኛበት ክፍል ወደ መንገዱ የሚያይ በረንዳ ያለው፣ አባቴ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ «ይሄ ያንቺ ነው» ያለኝ ክፍል ነበር። እኔ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር እየተኛሁ እሷ በእኔ በረንዳ ላይ ፀጉሯን ስትሠራ ሳይ፣ እንዳላየሁ ፊቴን አዞር ነበር።

ሰኔ ሲገባ ኮሚቴው ሊዞር ነው ተባለ። እናቴ ወደ እትዬ ሙሉ ሄዳ፣ እንደ ልመናም እንደ ትእዛዝም አድርጋ፣ «ለአንድ ቀን ነው፤ የቤት ሠራተኛችን ነኝ ብትይ ምን ይቀርብሻል?» አለቻት። እትዬ ሙሉ እሺ አለች፤ ምን ትበል፣ ቤቱ ከተሰረዘብን እሷም ጎዳና ላይ ልትወድቅ አይደል። ፍራሻችንን፣ ሳጥናችንንና የአባቴንና የእናቴን የሠርግ ፎቶ በባጃጅ አመላልሰን፣ የእሷን አልጋ የእኛ አድርገን፣ ፎቶውንም እሷ በመታችው ምስማር ላይ ሰቀልነው። የቀረችው አንችናሉ ነበረች። «ሠራተኛ ልጅ አስከትላ አትቀጠርም፤ ጣሪያው ላይ ትቆይ» አለች እናቴ። ይዣት የወጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን የብረት በር ከውስጥ የቀረቀርሁትም እኔ ነኝ። ዝናቡ የጀመረው ወዲያው ነው።

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሁለቱ መልክ ጠፍቶኛል፤ ሦስተኛው ጋቢ የለበሱ፣ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ። በሩን አልፈው ሲገቡ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ እንደሚለው «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አለች እትዬ ሙሉ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች።

ይህን የሚመልስ የቤቱ ባለቤት ነው። ሠራተኛ አትመልስም። እናቴ ከኋላዋ ተከትላ ያንኑ ብትደግመውም ቃሉ አንዴ ወጥቷል፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንግዳ ተቀብላ ያስገባችበት ቤት ስለሆነ አፏ ለምዶት ነው። ሽማግሌው እናቴን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሌሎቹ ሁለት ኮሚቴዎች ከአባቴ ጋር መኝታ ቤቱን ሊለኩ ሲያልፉ ወደ እትዬ ሙሉ ቀረብ ብለው በአዊኛ ይጠይቋት ጀመር። እናቴ አጠገባቸው ቆማ፣ አንድም ቃል ሳይገባት፣ ዓይኗን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ታመላልስ ነበር። እኔ ግን ገብቶኛል።

«ልጄ፣ አትፍሪ። ይህን ቤት ተከራይተሽ ነው?»

«አይ አያ፤ የነሱ ነው። እኔ ሠራተኛቸው ነኝ።»

«ልጅ የለሽም?»

እትዬ ሙሉ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ዝናቡ ይሰማ ነበር።

«የለኝም አያ። አልወለድሁም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ አባቴም እስከ ታች ሊሸኛቸው ወረደ። አንችናሉን ከጣሪያ ሳወርዳት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ የዚያኑ ለታ ትኩሳት ያዛት።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴ እትዬ ሙሉን ልቀቂልን አለቻት። «በቋንቋሽ ለሽማግሌው ምን እንዳልሻቸው የማላውቅ መሰለሽ? ሸጠሽናል!» እያለች ደረጃው ላይ ጮኸችባት። እትዬ ሙሉ «እትዬ፣ ማርያምን፣ ክፉ አልተነፈስሁም፤ ልጄ እስክትድን እንኳ ይታገሡኝ» እያለች እግሯ ላይ ወደቀች። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆሜያለሁ። «እማ፣ እኔ ሰምቻታለሁ፤ አልሸጠችንም» ብል ይበቃ ነበር። አዊኛ መልመዴ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን በረንዳውን ፈልጌ ነው። እትዬ ሙሉ ዞራ አየችኝ፤ አዊኛ እንደምሰማ ታውቅ ነበር። ዝም አልሁ። ውል የለ፣ ምስክር የለ፣ በሐምሌ ዝናብ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው፣ አንችናሉ በነጠላ ተጠቅልላ ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ ወደ አዘና ተመለሱ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ስሟ ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ።

ካርታው በጥቅምት ወጣ። እናቴ ድግስ ደገሰች፣ እኔም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህን አልዋሽም።

አሁን እናቴ አርጅታለች፤ አባቴም ካረፈ ቆየ። ባለፈው ዓመት ቤቱን በስሜ ልታዞርልኝ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የታመቀው ነገር ገንፍሎብኝ ሁሉንም ነገርኋት፤ አዊኛ እንደምሰማ፣ ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመሰከረችልን፣ እኔም ዝም እንዳልሁ። እናቴ መስኮቱን እያየች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ሽማግሌው በዚያው ቀን ታች ለአባትሽ ነግረውታል። ‹ይህች ሴት የወለደችው የላትም፣ እንደ ልጅ ያዟት› ብለው።»

«ታዲያ ለምን አስወጣሻት?»

«ልጇን የካደችልኝን ሴት ዓይኗን እያየሁ ልኑር?»

ያን ጊዜ ዝም ያልሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ይቀሩ ነበር እያልሁ እንቅልፍ ያጣሁበት ዘመን ብዙ ነው። ዛሬ ብናገርም እንደማይቀሩ፣ አባቴም አውቆ ዝም እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልቀለለኝም። ከሚኒባሱ ወርደን፣ ተራችን ደርሶ፣ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ የምፈርምበትን ቦታ አሳየችኝ። ፈረምሁ።