ጎደሬ ፍለጋ ከኮልፌ እስከ ጊቤ ማዶ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላ የበላብኝ አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብርና የሚስቴን ቁርስ ቤት ነው።

የሄድኩት የጎደሬ ዘር ልገዛ ነው። ሚስቴ አስካለ ኮልፌ በራችን ላይ ፉል ትሸጣለች። ዳቦውም ዘይቱም ሲወደድባት የተቀቀለ ጎደሬ ልትጨምር አሰበች፤ የደቡብ ምዕራብ ልጅ ስለሆነች ጎደሬ ረግረግ እንደሚወድ ታውቃለች። ጓሯችን ደግሞ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ። ለሽንት ቤት ያስቆፈርኩት ነበር፤ ሲሚንቶ አልቀመስ ሲል ተውኩትና ማንም ሳይገለገልበት ክረምቱ ሞላው። ውሃ በነፃ፣ ቦታ በነፃ። ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አይተኛም።

አየር ጤና፣ ንጋት

ያካፋል። ሚኒባሱ ሞልቷል ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ጨመረ። ረዳቱ ባዶ ከረጢቶቼን አይቶ፣ "ፋዘር፣ ለነሱም ይከፈላል" አለኝ።

"ባዶ ናቸው እኮ።"

"ሲመለሱ ነው ያልኩት።"

ወሊሶ

ሽሮ በመቶ ሃያ ብር፤ ከእንጀራው ሳህኑ ይወፍራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፌሮ ያወጡ ጅምር ቤቶች በጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ጀምሮ የተወ እንደ እኔ ያለ ብዙ ነው።

ከጊቤ ማዶ

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። ወንዙ ደፍርሷል። ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ገበያ ስንደርስ አንዲት እናት ጎደሬ ዘርግተው አገኘኋቸው።

"የት ልትተክለው ነው?" አሉኝ።

"ጓሮዬ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ።"

"የምን ጉድጓድ?"

"የዝናብ ውሃ ነው እማማ፣ ንጹህ ነው።"

"ውሃውን መች ጠየቅኩህ።"

ቢሆንም አስተማሩኝ። ጥልቁ ውስጥ አይከተትም፤ ዳሩ በአፈር ተደልድሎ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ይሁን። ረግቶ ከሸተተ ሥሩ ይበሰብሳል። ሲበላም በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው ጉሮሮ ያሳክካል።

"የምትሸጠው ከሆነ፣ ከየት እንደበቀለ ይጠይቁሃል" አሉ።

"አዲስ አበባ ማንም አይጠይቅም" አልኳቸው። የምሬን ነው። አሮጌ ጀሪካን ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ከእኔ ገዝቶ ውሃ ይጠጣበታል፣ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር የጠየቀኝ የለም።

ኮልፌ

ከረጢቶቹን ከፌርማታ የተሸከመልኝ ጀማል ነው። ጉድጓዱን ከጓደኞቹ ጋር የቆፈረው እሱ ነው፤ ቁርሳቸውም ሁሌ አስካለ ጋ ነው። በማግስቱ ዳሩን ደልድለን መትከል ስንጀምር አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለሰው ነው?"

"ለበሬ መሰለህ?"

በአገጩ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመኝ።

"ማንም አልተገለገለበትም እኮ ጀማል። ታውቃለህ።"

"እኔማ አውቃለሁ ጋሼ። ሆዴ ነው የማያውቀው።"

ተክሎ ጨረሰ፣ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበና ቁርስ ሳይበላ ሄደ።

ጎደሬው አላሳፈረኝም። በወራት ውስጥ ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ። አስካለ ቀቅላ ያቀረበች ቀን የጀማል ጓደኞች ሳህኑን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ የሻያቸውን ከፍለው ወጡ። በማግስቱ ፉሉንም ተዉት፤ በአንድ ድስት ነው የምታበስለው ብለው። ወሬው እነሱን ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ።

አስካለ አልተቆጣችም። ዱካዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባችና፣ "አንተ ጀሪካኑን እንኳ አጥበህ ነው የምትሸጠው" አለችኝ።

ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፦ ሰው ያላየውን ይጠጣል፤ በገዛ እጁ የቆፈረውን ግን አይበላም።

እራታችን ጎደሬ ነው። ይጣፍጣል። ወጪ አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር፣ ገቢ የለም፣ ቁርስ ቤቱ ተዘግቷል።