በቤታችን ዙሪያ የተሠራው ቤት

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ዓይኔ መውጫ በር ይፈልጋል። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አያቴ ለባቡር ሥራ መጥቶ ከጣውላና ከቆርቆሮ ባቆማት ቤት ነበር የምንኖረው። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ጠበበችንና አባቴ በብሎኬት ሊያሰፋት ተነሣ፤ ግን «ቤቱን ትቶ የወጣ ተመልሶ አይገባም» ብሎ፣ እኛን ሳያስወጣ፣ አዲሱን ግንብ በአሮጌዋ ቤት ዙሪያ ማስገንባት ጀመረ።

በቅዝቃዜው ወራት ግንበኛው አሊ ብሎኬቱን እየደረደረ፣ ግድግዳው በመስኮታችን ፊት ከፍ እያለ፣ መጀመሪያ የጎረቤት ደጅ፣ ቀጥሎ ሰማዩ ከዓይናችን እየጠፋ ይሄድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ጨልሞ ሳገኘው፣ እዚያው ተቀብረን የምንቀር ይመስለኝ ነበር።

«እማዬ፣ በየት ነው የምንወጣው?»

«በበሩ ነዋ! አባትሽ እስር ቤት የሚሠራ መሰለሽ?» እያለች እናቴ ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን አልስቅም።

አዲሱ ጣሪያ ከላይ ከተከደነ በኋላ አሮጌዋን ቤት ከውስጥ እያፈረሱ ጣውላውን በበሩ ያወጡ ጀመር። ሙቀቱ ገብቶ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ፣ የቀረው አሮጌው ጣሪያና እሱን የተሸከመው ምሰሶ ብቻ ነበር። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። አሊ «ወንድሜ፣ ነገ ሰው ጨምረን እናውርደው» ቢለው፣ አባቴ፣ ያ ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረበት ሰው፣ እኛን ደጅ አቁሞ መጋዙን ይዞ ብቻውን ገባ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አሊ ከበሩ ላይ «አታንሲዮን! ተጠንቀቅ!» ብሎ ሲጮህና አሮጌው ጣሪያ ሲናድ አንድ ሆነ። እናቴ ወንድሜን እንደታቀፈች «አንተ! አንተ ሰውዬ!» ብላ ተጣራች፤ መልስ የለም። ሽንቴ አመለጠኝ። አባቴ እንደሞተ አልተጠራጠርኩም ነበር።

አሊ ገብቶ፣ ቆርቆሮውን አነሣሥቶ፣ ደግፎ ሲያወጣው አባቴ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ አፉን አቧራ ሞልቶት ነው ለካ ያልመለሰው። እናቴ ደረቱን በጡጫ ስትደበድበው ቆይታ እዚያው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አባቴ ከዚያ በኋላ በሰፋው ቤት ብዙ ዓመት ኖሮ፣ አልጋው ላይ በሰላም ዐረፈ። በጣውላው ቤት አባቴ ሲያስል፣ እናቴ ስትገላበጥ ስለሚሰማኝ መኖራቸውን ተኝቼ አውቅ ነበር። አሁን ሁላችንም የየራሳችን ክፍል አለን፣ ብሎኬቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ እናቴ ክሊም የምንለውን የአየር ማቀዝቀዣ ከፍታ ጋደም ስትል በሯን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

«ዝጊው እንጂ፣ የክሊሙ ቅዝቃዜ ወጣ እኮ!» ትለኛለች።

እሺ ብዬ እዘጋዋለሁ፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ተመልሼ እከፍተዋለሁ።