አፍሽ አነበበ፣ አንቺ የት ነበርሽ?

ባለፈው ቅዳሜ የሟች እናቴን ቤት ላጸዳ ሚዛን ከተማ ገብቼ ነበር። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ስከፍተው የኮረሪማ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ እናቴ የምትሳሳለትን ወረቀት ሁሉ ብል እንዳይበላው ከኮረሪማ ጋር ነበር የምታስቀምጠው፣ ሽታው ከስንት ዓመት በኋላም አልለቀቀም፣ ጉድ እኮ ነው! ውስጡ አባቴ ከቴፒ ይልክልን የነበሩት ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። አብራኝ የመጣችው የልጅ ልጄ ሶልያና፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የላይኛውን ከእጄ መንጭቃ፣ ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ ምንም ሳትቸገር፣ ነጥብ የለ ሰረዝ የለ፣ በአንድ ትንፋሽ አንበለበለችው። «እሺ፣ ምን ይላል?» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ «አነበብኩት እኮ!» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ ሆዴን ይዤ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ቁርጥ እኔን! የያዘችውም ደብዳቤ ደግሞ ያው ያ ጉደኛ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ በሰፈራችን የእኔን ያህል ፈጥኖ የሚያነብ ልጅ አልነበረም፣ ብኮራ አይፈረድብኝም። የሬዲዮ ዜና አንባቢ መስዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን አውጥቼ ነበር የማነበው፤ ደብዳቤ የመጣለት ጎረቤት ሁሉ እኔን ያስጠራል፣ ስጨርስ «እሰይ የኔ አንበሳ!» እባልና ሸንኮራ ይቆረጥልኛል። ካነበብኩት ግን አንዲት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አትቀርም ነበር። ማን ጠይቆኝ! እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፣ አማርኛን የለመደችው ገበያ ተቀምጣ ኮረሪማ ስትሸጥ ነው፣ እኔ በዚያ ፍጥነት ስጋልብ እሷ የምትይዘው ከሰላምታው ትንሽ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ እናቴ አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፣ የልብስ ስፌት መኪና። የእኔን ዩኒፎርም በመርፌ እየጠቀመች ስታለብሰኝ «መኪና ቢኖረኝ እኮ የዚህን ሰፈር ልጅ ሁሉ አለብሰው ነበር» ትል ነበር፣ ስትለውም ፊቷ ይበራል። አባቴ ቴፒ የቡና እርሻ ላይ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ በየወሩ ደብዳቤውን በጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ ይልክልናል። ያንን ደብዳቤ አንድ ዝናባማ ሰኞ ተቀበልን፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እኔም እንደ ልማዴ ለቀቅኩት። «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» የሚለው ብቻ አንድ ገጽ ነው። ስጨርስ እናቴ «እና ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ነኝ ነው የሚለው» አልኳትና ሸንኮራዬን ይዤ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከጅማ መጥተው ሱቅ የከፈቱት ጎረቤታችን ሐጂ እናቴን አስቆሟት። ሐሙስ ዕለት አንድ ሹፌር የስፌት መኪና ጭኖ ነዳጅ ማደያው ጋ እስከ ረፋድ ስሟን እየጠራ ሲያፈላልጋት ነበር፤ «ከእጇ በቀር ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ተብያለሁ» ብሎ፣ የሚቀበለው ሲያጣ ወደ ቱም ከተማ ይዞት ነጎደ። እናቴ እጄን ይዛ ቤት አስገባችኝና ደብዳቤውን አውጥታ «እንደገና» አለችኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ሐሙስ ጠዋት፣ ማደያው፣ ስፌት መኪና፣ ሁሉም ነገር አለ! በራሴ አፍ፣ ጮክ ብዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ አንድም ጆሮ እንዳይይዘው አድርጌ ያነበብኩት ነው። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታችኝም። «አፍሽ አነበበ፤ አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ምነው በመታችኝ አልኩ።

ክረምቱ ጠንክሮ ወደ ቱም የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። የስፌት መኪናው ይመለስ፣ ይጥፋ፣ የሚያውቅ የለም፤ እናቴም ከማግስቱ ጀምራ አዲስ ሥርዓት አወጣችልኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዘን ቡና እንለቅማለን፣ እኔ የተገኘውን ወረቀት ጥቂት መስመር አነባለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ቀማ አድርጋ ከጭኗ ስር ትሸጉጠዋለች። ማነው? የት ሄደ? ለምን ሄደ? አሁንስ ምን የሚያደርግ ይመስልሻል? ደግሞ መልሱ በቤንችኛ ነው! በአማርኛ ቃሉን እንዳለ ብደግምላት አትቀበለኝም፤ በእሷ ቋንቋ መናገር ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ እንደገና አነባለሁ። መጀመሪያ ላይ አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጣመኝ! አንድ ቀን ሐጂ ስኳር የጠቀለሉበት ጋዜጣ ላይ የአንድ ሌባ ወሬ አገኘን፣ ሌባው ጣሪያ ላይ እንደወጣ ወረቀቱ ተቀዷል። እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች። ተያይዘን በዝናብ ሱቅ ድረስ ሮጥን፣ ሌላው ግማሽ ለካ የሰው ጨው ተጠቅልሎበት ሄዷል፤ ሐጂ ሲስቁ ቆባቸው ወደቀ። ያንን ሌባ እኔ በጓሮ በኩል አስመለጥኩት፣ እናቴ ጣሪያው ላይ አስያዘችው፣ ሳምንቱን ሙሉ በቤንችኛ ተከራከርንበት።

መስከረም ላይ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ቃል በቃል፣ እየቆምኩ አነበብኩ፤ እናቴ ሳትጠይቀኝ በፊት «ማክሰኞ! ከቱም ይመለሳል! ማደያው ጋ!» ብዬ በቤንችኛ ጮህኩ። ማክሰኞ ማደያው ሳይከፈት ደርሰን ቆምን። የጭነት መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ፣ ከላይ በሸራ የተሸፈነችው የስፌት መኪና ስትታየን፣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሹፌሩ ሰርግ የመጣ መስሎት ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ግን የለኝም!

እነሆ የስፌት መኪናዋ ዛሬ ጥግ ላይ ዝጋለች። በረንዳው ፈርሷል። ሶልያናን እንደ እናቴ ልፈትናት ወረቀቱን ከጭኔ ስር ሸጎጥኩና ጥያቄዬን በቤንችኛ ጀመርኩ፣ ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ለካ እኔ ነኝ ያላስተማርኳት፤ እናቷንም አላስተማርኳትም።  በአማርኛ ጠየቅኳት እንግዲህ፣ ማነው? የት ሄደ? ለምን? እሷንም እየቆየ ጣማት፣ ቆርቆሮውን ዘርግፋ የአባቴን የመጋዘን ማስታወሻ ደብተር አወጣችና ከደብዳቤው አጠገብ አድርጋ ብዙ አየችው።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። ደብዳቤው ግን የእኛን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይመስላል። እናትሽ ማንበብ አትችልም ብለሽኛል፤ ታዲያ ለማን ብሎ ነው እንዲህ ያተለቀው?»

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ እንዲያ ነው ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የማስበው። ከሥራ ውሎ ደክሞት፣ ያን ሁሉ ፊደል አንድ በአንድ እያጎላ፣ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥቡን እየለየ የጻፈው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለአንድ ቁራጭ ሸንኮራ ስል ጋለብኩበት። «አሁን ገባኝ፣ እማዬ።» በቤንችኛ አልኩት፣ ጮክ ብዬ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም።