የሃምሳ አለቃው ግራ እግር

ሆሳዕና ወህኒ ቤት የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ክፍሉን ሳይሆን ድንጋዩን ነው። ግቢው መካከል ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረ፤ አጠገቡ ቀጥቃጩ መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አዲስ ገቢ እስረኛ በቅድሚያ እግሩን እዚያ ድንጋይ ላይ ያኖራል፤ ብረቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቀጥቅጦ ይዘጋል፤ የሚተኛበትን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሰንሰለቱ ስለማይበቃ ሁለት ሁለት ሰው በአንድ ይታሰር ነበር። ቁራኛ ይባላል። ቁራኛህን አትመርጥም፤ ከሱ ጋር ትበላለህ፣ ከሱ ጋር ትተኛለህ፣ ሽንት ቤትም ከሱ ጋር ትሄዳለህ።

ጃጁራ አስተማሪ ነበርኩ። ወንጀሌ አቤቱታ መጻፍ ነው። በሀቢቾ በኩል አንድ ባለርስት ጭሰኞቹን ሊነቅል ሲነሳ፣ ሰዎቹ መጥተው «ጻፍልን» አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚባልበት ዘመን ነበር። እኛ ግን ንጉሡን አልከሰስንም፤ አቤት ያልነው ለራሳቸው ለንጉሡ ነበር። ወረቀቱ ሆሳዕናን ሳያልፍ ተመልሶ እኔኑ አሳሰረኝ። ሁለት ፖሊሶች ከክፍል ጎትተው አወጡኝና በተማሪዎቼ ፊት በጫማ ረገጡኝ። ሕዝብ አሳድመሃል ተባልኩ።

ስለዚህ ድንጋዩ አጠገብ የፖሊስ ኮት የለበሰ ሰው ተቀምጦ ሳይ ደሜ ፈላ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ማዕረጉ ከእጅጌው ላይ ተቀዶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው ገፋ አድርጎ በግራው በኩል አስቀመጠኝ፤ ቀኝ እግሬ ከግራ እግሩ ጎን ሆነ።

«ወንድሜ፣ በቀኜ በኩል ብትዞርልኝ?» አለኝ። «ግራ እግሬ ታማሚ ነው።»

«ደህና ተቀምጫለሁ» አልኩት።

መዞሩ ምንም አያስከፍለኝም ነበር። ቀጥቃጩ መዶሻውን እንዳነሳ ቆም ብሎ ጠበቀኝ። አልተነሳሁም። አባቴ የሚሲዮን ሰባኪ ነበር፤ ጠላትህን ውደድ የሚለውን ቃል ከፊደል በፊት ነው ያስጠናኝ። ያን ቀን ግን የፖሊስ እግር ሲታመም ማየት ፈልጌ ነበር። ብረቱ ግራ እግሩ ላይ ተመታ።

ክፍል ስንገባ እስረኞቹ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁ። ለአስተማሪ ክብር የሰጡ መስሎኝ ነበር። አንድ የሙዱላ ነጋዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከማን ጋር እንደታሰርክ አታውቅም?» አለኝና ነገረኝ። ቁራኛዬ፣ ሃምሳ አለቃው፣ የሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ሻምፒዮን ነበር። መሰናክል ማለት እየሮጡ አጥር መዝለል ነው፤ አጥሩ ሲነኩት አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሰውየው ነው። ካንደኛው አጥር ኋላ ደግሞ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ። እሱ ተስፈንጥሮ የሚነሳው በግራ እግሩ ነው። የዚያ እግር የተረከዝ ጅማት ተጎድቶበት አንድ ዓመት ተኛ። ሲመለስ አዲስ አበባ ስታዲየም ሮጠ፤ በመጨረሻው ዙር ውሃው ውስጥ ገብቶ ሰባተኛ ወጣ። ራዲዮኑ «ዘመኑ አልፏል» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

አለቆቹ እረፍት ሰጥተው ወደ አባቱ ቤት ሰደዱት። አባቱ የሀቢቾ ጭሰኛ ናቸው፤ አቤቱታው ላይ ጣታቸውን ካሳረፉት አንዱ። ጣታቸውን ይዤ ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ። የወረዳው ፖሊሶች ጭሰኞቹን ሊያስለቅቁ ሲመጡ «አንተም የሙያ ጓደኛችን ነህ፣ ተነስና አግዘን» አሉት። «ፈቃድ ላይ ነኝ» አላቸው። ሌላ ምንም አላለም። ለዚህች ሦስት ቃል ማዕረጉን ቀደው፣ የአባቱን ጎጆ አፍርሰው እሱን ወህኒ አወረዱት።

ያን ሁሉ ስሰማ ብረቱ ተመቶ አልቋል። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ጀምሬ በምትኩ ተቆጣሁት። «ሯጭ ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«ሯጭ ያልሆነ ሰው እግሩ አያመውም?» አለኝ።

እሱ አፉን የፈታው በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ ነው፤ የምንጣላው በአማርኛ ነበር። ብዙ ተጣላን። ስንራመድ እሱ እርምጃውን ያሳጥርልኛል፣ እኔ እቸኩላለሁ፣ ብረቱ ይጎትተዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ቆሰለ፤ ተረከዙ አበጠ። ዘመዶች ከሚያመጡልን ቆጮ ላይ ኮባውን ልጦ በቁስሉና በብረቱ መካከል ይጠቀጥቀው ነበር። ጎኑን እንለውጥ ብዬ የወህኒ ቤቱን አዛዥ፣ ሻምበሉን፣ ለመንኩት። ሻምበሉ ሳቀ፤ «ይሄ ወህኒ ቤት ነው እንጂ ጫማ ቤት አይደለም፣ ግራና ቀኝ እየለካችሁ የምትመርጡበት!» አለኝ።

ይህ ሻምበል ስፖርት ወዳድ ነበር። ሃምሳ አለቃው ያሸነፈ ጊዜ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶውን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ሰባተኛ ሲወጣ አወረደው። ሲያየው የሚናደደው ስለ ጭሰኞቹ አልነበረም። «በእንግዶቼ ፊት ራዲዮ ከፍቼ ሰባተኛ! አሳፈርከኝ!» ይለው ነበር። የሰው አባት ቤት ሲፈርስ ያላፈረ ሰው በሩጫ ያፍራል።

በስድስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ወደ ውጭ አገር ለሚሄደው ቡድን ማጣሪያ ሊደረግ ነው፤ ሃምሳ አለቃው የመጨረሻ ዕድል ተሰጥቶታል፤ ካልቀረበ ስሙ ይሰረዛል። ከሥር ደግሞ «ብቁነቱ በቅድሚያ ተረጋግጦ ይላክ» የሚል ነበረበት። ማን እንደሚያረጋግጥ አልተጻፈም። ሻምበሉ ደብዳቤውን ግቢው መካከል ጮክ ብሎ አነበበና «እኔ አረጋግጣለሁ!» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አወጡን። ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሯል፤ ሻምበሉ፣ አንድ ዳኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ያው የሀቢቾው ባለርስት ነበር። ቀጥቃጩ ብረቱን ከሁለታችንም እግር ላይ ፈታው። የሃምሳ አለቃው ከቆዳው ጋር ነው የለቀቀው። ሃምሳ አለቃው ሦስት ቀን ያለ ብረት እንዲተዉት ለመነ። ሻምበሉ በአገጩ ወደ ግቢው አመለከተ። ዘበኞች የሚቀመጡባትን አግዳሚ አምጥተው አቁመዋል፤ ጉልበት አትደርስም።

«ዝለልና ሂድ» አለ ሻምበሉ። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ ብዕሩን ከነወረቀቱ ይዟል። እንግዶቹን ሊያዝናና፣ ከዚያም ሊፈርም ነው። አሮጊት የምትሻገራት አግዳሚ ናት፤ ከወዲያ በኩል አዲስ አበባ አለ።

ሃምሳ አለቃው እያነከሰ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። በስንዝሩ ለካት።

«ይሄ መሰናክል አይደለም ጌታዬ» አለ።

«ምን?»

«መሰናክል አራት ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። እስከዚህ።» እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ።

«ዝለላት አንተ!» አልኩኝ በጥርሴ መካከል። ዞሮም አላየኝ።

ባለርስቱ ሳቀ። የሻምበሉ ፊት ጠቆረ። በእንግዳ ፊት ታረመ፤ ይህን የሚችል አለቃ በዚያ ዘመን አላየሁም። «እሺ! ረጅም ይሁንለት!» አለ። እስረኞች አግዳሚ ላይ አግዳሚ ደረቡ፣ ከላይ የባሕር ዛፍ አጣና አጋደሙ። ሃምሳ አለቃው ራሱ ለክቶ አንዱን ጫፍ በጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካከለ። «ሰባተኛ አልነበር የወጣኸው?» አለ ሻምበሉ። «ሰባት ጊዜ ዝለል!»

ኮቱን አውልቆ አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠ። በባዶ እግሩ የግቢውን አጥር ተከትሎ ሮጠ። መጀመሪያ ያነክስ ነበር፤ ከዚያ ማነከሱ ጠፋ። ስድስት ሳምንት ከጎኔ የተጎተተው ሰውዬ ይኼ ነው ብሎ ማመን አቃተኝ። አንዴ ዘለለ፣ እንጨቱን አልነካም። ሁለተኛ ዘለለ። ሦስተኛውን ሲዘል እስረኞቹ በአንድ አፍ ቆጠሩ፤ ዳኛውም ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ አለ። በአራተኛው ግራ እግሩ ሊነሳ መሬቱን ሲረግጥ አልታዘዘውም። ቅልጥሙ ከአጣናው ተጋጨ፤ በአገጩ ወደቀ።

ባለርስቱ አጨበጨበ። እጁን አሁንም አያታለሁ፤ ወፍራም፣ ንጹሕ እጅ ነበር። ሻምበሉ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ጽፎ ሲጨርስ «አበቃለት» አላቸው ለእንግዶቹ፣ ስለ ከብት እንደሚወራ።

ሃምሳ አለቃው ተነሳ። አገጩን ጠረገ፤ የተናጋውን አጣና አስተካከለ፤ አግዳሚ የተሸከሙለትን እስረኞች አመሰገነ። ከዚያ መጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሞኝ!» አልኩት። «አንዲት አግዳሚ ዘልለህ መሄድ አቃተህ? ማንን ልታስደስት ነው?»

ተረከዙን በእጁ ይዞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አጭሩን ዘልዬ ብሄድ» አለኝ፣ «አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ረጅሙ ነው። እዚያ ሄጄ ከምዋረድ እዚህ ልወቀው ብዬ ነው። ሦስት ዘለልኩ፤ አየህ አይደል? ሁለት ሳምንት ያለ ብረት ቢተዉኝ…»

ያኔ ነው የገባኝ። ሻምበሉ የፈተነው የሱን እግር አልነበረም፤ የራሱን ብረት ነው የፈተነው። ብረቱ ደግሞ ግራ እግሩ ላይ የዋለው እኔ ስላልተነሳሁ ነው። በሻምበሉ ላይ የነበረኝ ቁጣ ዞሮ በራሴ ላይ ሆነ።

ተነሳሁ። ዞሬ በቀኙ በኩል ተቀመጥኩና ግራ እግሬን ድንጋዩ ላይ አኖርኩ።

«ወደ ቦታህ!» አለ ዘበኛው።

«ቦታዬ ይኼ ነው።»

በዱላው ትከሻዬን መታኝ። አልተነሳሁም። የገባሁ ዕለትም አልተነሳሁም ነበር፤ የዛሬው ግን ለሌላ ነው። ዘበኛው ቀጥቃጩን «እንዳትመታ፣ ሻምበሉን ጠይቄ እስክመጣ» ብሎት ሄደ። ቀጥቃጩ፣ ማንም ማዕድ የማያቀርበው፣ እስረኛ እንኳ እጁን የማይጨብጠው ሰው፣ የዘበኛውን ጀርባ አየ፤ የሃምሳ አለቃውን ቁስል አየ። «እኔ አማርኛ ብዙ አልሰማም» አለ ቀስ ብሎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፤ ከዚያ የሃምሳ አለቃውን ቀኝ እግርና የእኔን ግራ እግር አንድ ላይ ዘጋ። ዘበኛው ሲመለስ ብረቱ ገና ትኩስ ነበር። ለዚህ ሁለታችንም ለአንድ ወር ጠያቂ ተከለከልን፤ ቀጥቃጩ ላይ ምን እንዳደረሱበት አልሰማሁም፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀጥቃጭ ነው የመጣው።

ማጣሪያው የተደረገ ዕለት ሃምሳ አለቃው ማን እንዳሸነፈም አልጠየቀም። እኔ አስራ አንድ ወር ታስሬ ተፈታሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ወጥቶ ከፖሊስነቱ ተሰናበተ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጃጁራ ገበያ አገኘሁት። ጨው ይሸጥ ነበር፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ያኔ ቢለቁህ ኖሮ ማጣሪያውን ታልፍ ነበር ወይ አልኩት። ለአንዲት ሴትዮ ጨው መዝኖ ሰጣትና ነው የዞረው።

«እኔ እንጃ» አለኝ። «ሰባተኛ የወጣሁ ጊዜ እውነትም ደክሜ ነበር። ምናልባት አስራ ሁለተኛ እወጣ ነበር። ቢሆንም የራሴ አስራ ሁለተኛ ነበር።»

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሆሳዕና ነው የምኖረው። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሯጭ ከጉዳት ተመልሶ ወደ ኋላ ሲቀር «ይሄማ አበቃለት» የሚል ሰው አጠገቤ አይቀመጥም፤ ሽማግሌው ጠባዩ ከፋ ይሉኛል፤ ይበሉ። ከሰው ጋር ቂም ይዞ መሞት ጥሩ አይደለምና ቀስ በቀስ ትቻቸዋለሁ፤ የረገጡኝን ፖሊሶች፣ ዱላውን፣ አስራ አንዱን ወር። የእሱን አስራ ሁለተኛ ግን አልተውላቸውም።