የልጄ የመጀመሪያ ቅርጫትና የጋሼ ወንድይራድ ካፖርት

ትናንት ከምሳ በኋላ እዚሁ ቴክሳስ፣ ካሮልተን ከተማ ቤቴ፣ ሶፋዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ቴሌቪዥኑን ከፍቻለሁ። ስልኬን ሳይለንት አድርጌ፣ ዛሬ ማንም እንዳይመጣብኝ ብዬ ቁጭ እንዳልኩ... በሩ ተንኳኳ።

ቆይ፣ ከዚያ በፊት ግን ነገሩ እንዲገባችሁ። ልጄ ሩት ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ማለቴ... ትጫወታለች ይባላል እንጂ አምና ጉልበቷን ኦፐሬሽን ሆና ዓመቱን ሙሉ ቤንች ላይ ፎጣ ስታቀብል ነው የከረመችው። ዘንድሮ ደግሞ ሲዝኑ ገና ሳይሞቅ የየኮሌጁን ቡድን ሰብስበው ባሕር መሐል ያለ ደሴት ወስደው ያጋጥሟቸዋል። ለምን ደሴት እንዳስፈለገ አትጠይቁኝ፤ ጨዋታው እንደሆነ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ጠዋት ደወለችልኝ። «ማሚ፣ ኮቹ ዛሬ አስገባሻለሁ ብሎኛል። ፕሊስ ላይቭ እዪኝ፣ ኦኬ?»

ላይቭ! እኔ ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው። በታንክስጊቪንግ በዓል ሳምንት፣ አገር ምድሩ በሚበርበት ጊዜ፣ እረፍት መጠየቅ አለቃችንን ማሳቅ ነው። ግን የፈረንጆቹን ገና ሙሉ ቀን እሠራልሻለሁ ብዬ ከአንዷ ጋር ሺፍት ተቀያየርኩ። ልጄ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ በዚያ ጉልበት ስትሮጥ በዓይኔ ማየት አለብኝ... አለቀ!

ሶ በሩን ስከፍት ጋሼ ወንድይራድና እትዬ ብርቅነሽ። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያናችን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ጋሼ ያንን ቡናማ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። በቴክሳስ ሙቀት ካፖርት! የሚለብሱት ለሽምግልና ብቻ ስለሆነ ደነገጥኩ።

«ምነው ኮል ሳታደርጉ... በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው ልጄ» አሉና ቀጥ ብለው ገብተው ቆሙ። የት? ቴሌቪዥኑ ፊት!

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ።»

«ነገራችንን ሳትሰሚ አንቀመጥም።»

«ውሃ እንኳ?»

«እሺ ሳትዪን ውሃም አንቀምስም» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ በስተግራ በኩል የቀረችውን ክፍተት በነጠላቸው እየዘጉ።

ወጉ ነው፣ አውቃለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ እሺ ሲባል ይቀመጣል። ግን እናንተዬ፣ ሽማግሌ የሚቆመው በር ላይ ነበር እንጂ ስክሪን ላይ ነበር እንዴ?

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳም ጀመሩ። ልጅ የእግዚአብሔር አደራ መሆኑን፣ አገሩ ክፉ መሆኑን... ኖኅ ጋ ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ መጡ።

«እሁድ ዕለት ሩት የት ናት ብንልሽ፣ ደሴት ናት ብለሽ ሮጥሽ። ከዚያ ፎቶዋን አየን።»

እትዬ ስልካቸውን አወጡ። ሩት ከቡድኗ ልጆች ጋር ባሕር ዳር፣ በዋና ልብስ፣ ኮኮናት ይዘው ይስቃሉ።

«በጾም!» አሉ እትዬ።

«በትምህርት ወቅት!» አሉ ጋሼ። «ኮሌጁን ጥላ ነው አሉ የሄደችው። ከማን ጋር እንደሄደች እንኳ አንጠይቅሽም። ብቻ መልሻት።»

ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እሁድ ሺፍቴ ረፍዶብኝ ወሬውን ግማሹን ብቻ ተናግሬ ሄድኩ። አሁን ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ሽማግሌ ሲናገር አይቋረጥም።»

ይኼኔ ከካፖርታቸው ጀርባ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ የሩትን ስም ጠራ። የአባቷ ስም ላይ ምላሱ ተጠላለፈ እንጂ እሷው ናት። ገባች! አንገቴን ወደ ቀኝ አሰገግኩ፤ ጋሼም ወደ ቀኝ። ወደ ግራ... እሳቸውም ወደ ግራ።

«አትሸሺን ልጄ፣ ቀና ብለሽ እዪን።»

ድንገት አዳራሹ ጮኸ። ሰውዬው ስሟን ይደጋግማል።

«እሺ!» ብዬ እኔም ጮህኩ። «ያላችሁትን ሁሉ እሺ ብያለሁ! ተቀመጡልኝ ብቻ!»

«ትመልሻታለሽ?»

«እመልሳታለሁ!»

«በእግዚአብሔር ስም በይ።»

«በእግዚአብሔር ስም፣ ጋሼ፣ ይቀመጡ!»

ጋሼ አመሰገኑ። መረቁኝ። ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉ፣ ክንዳቸው ላይ አደረጉ... ተቀመጡ። ስክሪኑ ሲገለጥ ልጄ እየሳቀች ወደ ኋላ ትሮጣለች፣ ጓደኞቿ ጀርባዋን ይመቷታል። አግብታለች። አለፈኝ።

«እንዴ! ይቺ የኛ ሩት አይደለችም?» አሉ ጋሼ።

«ናት።»

«እና ደሴቱስ?»

«ይኸው ደሴቱ! ከነኮሌጇ ነው የሄደችው። እሁድ ትመለሳለች፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ግን ይቅርታ የለ፣ ምን የለ... አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከዳኛው ጋር ተጣሉ። «ገፋቻት እኮ! ይሄ ሰውዬ ዓይን የለውም?» ውሃ ይዤላቸው ብመጣ ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ዞር በይ ልጄ፣ ጋረድሽኝ።»

እኔን!

ጨዋታው እንዳለቀ ሩት በቪዲዮ ደወለች፤ ላብ በላብ ሆና ፊቷ ያበራል። «ማሚ! አየሽኝ? ያገባኋትን አየሻት?»

ያገባችው እሷኑ አንዷን ብቻ ነው። ምን ልበል? በጾም ልዋሽ? ስንተባተብ ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ።

«አይተናል እንጂ ልጄ! ከሩቅ ስታስወነጭፊያት፣ ቀጥ ብላ ግብት! ተባረኪ!»

ከሩቅም አልነበረም፤ ከቅርጫቱ ሥር ነው ያገባችው። በኋላ ቪዲዮውን ልካልኝ አሥር ጊዜ አየሁት... ግን ሰርጉና የሰርጉ ቪዲዮ አንድ ነው እንዴ?

ብቻ ጋሼ በጀርባቸው ያዩትን፣ እኔ እናቷ በሁለት ዓይኔ ሳላየው ቀረሁ።